ፈረስና አጋሰስ በአንድ ሳጥን
የቢሮ ኮምፒውተርን በኤስኤስዲና በሃርድ ዲስክ ማደራጀት

ሰኔ ለነጋዴ የእፎይታ ወር አይደለም። ለአብዛኛው ነጋዴ የሒሳብ ዓመቱ በ30ኛው ቀን ይዘጋል፤ የሒሳብ ሠራተኛው የጠፋ ደረሰኝ ያሳድዳል፣ ባለዕዳው ስልኩን ያጠፋል፣ ባለቤቱም ትርፍና ኪሳራውን እስኪያውቅ እንቅልፍ የለውም። በዚህ ወቅት ነበር በመርካቶ የሕንፃ መሣሪያ የሚያከፋፍሉ አንድ ነጋዴ ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው ኮምፒውተራቸውን ሲያበሩ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ የሰሙት። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ሰውየው ለጊዜው አልደነገጡም። የሁለት ዓመት የዱቤ መዝገብ፣ የአቅራቢዎች ሒሳብና የመጋዘን ቆጠራ ሁሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ቢሆንም፣ የሒሳብ ሠራተኛቸው ዘወትር ዓርብ ማታ መዝገቡን ከሲ ወደ ዲ እየገለበጠች ታስቀምጥ ነበር። ሲ ቢበላሽ ዲ አለ ብለው ነው ያሰቡት። ቴክኒሻኑ ሳጥኑን ሲከፍተው ግን የተገኘው አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ሆነ። ሲም ዲም የዚያው ዲስክ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። አንድ ቤት በግድግዳ ለሁለት ቢከፈል ጣሪያው ሲወድቅ ሁለቱም ክፍል ይጠፋል፤ የደረሰውም ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን ዲስክ አቧራ በሌለበት ክፍል ከፍተው መረጃ የሚያወጡ ባለሙያዎች በዓለም ላይ አሉ፤ ክፍያቸው ግን ከኮምፒውተሩ ዋጋ በብዙ ይበልጣል፣ ውጤቱም ዋስትና የለውም። መዝገቡ ከደረሰኝ ጉራጅና ከተበዳሪዎች ቃል እንደገና ተጻፈ። ዱቤን በተበዳሪ ትዝታ መመዝገብ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

እኚህ ነጋዴ ዛሬ ባለሁለት ዲስክ ኮምፒውተር አሠርተዋል። በመርካቶ፣ በመገናኛና በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር መደብሮችም «ኤስኤስዲ አለው» የሚለው ቃል ሻጭም ደላላም የሚያስቀድመው ማሻሻጫ ሆኗል። ነገር ግን ሁለት ዲስክ መግዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በምን ላይ ምን እንደሚቀመጥ ካልታወቀ ሰውየው የወደቁበት ጉድጓድ እንደተከፈተ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ዕቃዎች እንለያቸው። ሃርድ ዲስክ በአሠራሩ ከድሮው የሙዚቃ ሸክላ ጋር ይመሳሰላል። በውስጡ ያሉት ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ የሚያነበው ክንድም ወደሚፈለገው ቦታ ሄዶ ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስለት ይጠብቃል። በ7,200 ዙር ይህ ጥበቃ ብቻውን በአማካይ ከ4 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ነው፤ የክንዱ ጉዞ ሲጨመርበት ከ10 ሊያልፍ ይችላል። ትንሽ ጊዜ ይመስላል። ስሌቱ ሲሠራ ግን ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ወደ 100 ገደማ ጥቃቅን ጥያቄዎችን ብቻ ነው የሚመልሰው። ዊንዶውስ ሲነሣ ወይም የሒሳብ ፕሮግራም ሲከፈት የሚጠየቁት ፋይሎች ደግሞ ብዙና ጥቃቅን ናቸው። ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ ኮምፒውተሩ የማይነሣው ስለዚህ ነው።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። እንደ ፍላሽ በማስታወሻ ቺፕ የሚሠራ በመሆኑ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስዲ ሲገባ አዲስ የተገዛ ይመስላል፤ ማሽን ለመቀየር ያሰበ ነጋዴም ብዙ ጊዜ በዚህች አንዲት ዕቃ ወጪውን ሊያድን ይችላል። ትልልቅ ፋይሎችን በተከታታይ በማንበብ ረገድ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ150 እስከ 250 ሜጋ ባይት ያነባል፤ በሳታ ገመድ የሚገናኘው ኤስኤስዲ 550 ገደማ ነው። የሱቁን የካሜራ ቪዲዮ፣ ስካን የተደረገ የጉምሩክ ሰነድና የአምስት ዓመት ፎቶግራፍ ለማስቀመጥ የሃርድ ዲስኩ ፍጥነት በቂ ነው።

እንግዲህ አንዱ ፈረስ ነው፣ ሌላው አጋሰስ። በፈረስ እህል ማስጫን ገንዘብ ማባከን ነው፤ በአጋሰስ ጉግስ መውጣትም መሳቂያ ያደርጋል።

ዋጋው ለምን አይረጋም?

በመጠን ሲተመን ሃርድ ዲስክ አሁንም ርካሹ ነው። ሁለቱም ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋቸው ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው። ሌላው ምክንያት ከአገር ውጭ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የመረጃ ማዕከሎች የማስታወሻ ቺፕ በገፍ በመሸመታቸው ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የቺፕ ዋጋ በዓለም ገበያ ወጣ። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ ያቀርብ የነበረውን ምርት እንደሚያቆም ያስታወቀው በዲሴምበር 2025 እ.ኤ.አ. ነበር። ትልቁ ገዢ ሲመጣ ቸርቻሪው ይረሳል። ይህን መርካቶም ያውቀዋል።

ሃርድ ዲስክም ቢሆን ከንረት ነፃ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ታይላንድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ ፋብሪካዎች ውኃ ገብቶባቸው በዓለም ዙሪያ የዲስክ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ላይ ሌላ ስም ተለጥፎ ካዩ ከሦስቱ የአንዱ ሥራ ሆኖ ስሙ የተቀየረ ነውና ሻጩን ከየት እንዳመጣው ይጠይቁ።

ስለዚህ የሚገዛው ልክ የሚያስፈልገው ይሁን። በእኛ ግምት ለአንድ የንግድ ቢሮ 500 ጊጋ ባይት ገደማ የሚይዝ ኤስኤስዲና 2 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ለዓመታት ይበቃሉ። ዋጋው ከበደ የሚል ኤስኤስዲውን ወደ 250 ያውርደው እንጂ አይተወው። ደግሞ 1 ቴራ የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ሆኖ ቢታይ ከሻጭ ጋር አይጣሉ። ፋብሪካው በ1,000 ስለሚያባዛ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 ስለሚያካፍል ነው። ከ70 ዓመት በፊት፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፣ አይቢኤም የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ለገበያ ሲያቀርብ 50 ሳህኖቹ በአንድነት የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ከነማሽኑም በወር 3,200 ዶላር ይከራይ ነበር። አንድ በስልክ የተነሣ ፎቶ የማያስቀምጥ ዕቃ መሆኑ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሳጥኑን ያስከፍቱ

በከተማችን ከሚሸጡት የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አገልግለው በዱባይ በኩል የሚገቡ ናቸው። ነውር የለውም፤ ጠንካራ ማሽኖች ናቸው። ችግሩ ግዢው ሳጥኑ ሳይከፈት መፈጸሙ ነው። ሳጥኑን ሁላችንም ሲፒዩ እያልን እንጠራዋለን፤ ባለሙያዎች ቢስቁብንም ልማዱ የሚቀር አይመስልም።

ሲከፈት የሚታየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለሃርድ ዲስክ የሚሆን ቦታ መኖሩ። መጽሐፍ የሚያህሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ባለ 3.5 ኢንቹን ዲስክ ፈጽሞ አያስገቡም። ቀጫጭኖቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ዲስክ ብቻ ይይዛሉ። ሁለተኛ፣ የመብራት ገመዱ ለሁለት ዲስክ መድረሱ። በአንዳንድ ታዋቂ የቢሮ ማሽኖች ላይ ይህ ገመድ የሚወጣው ከማዘርቦርዱ ስለሆነ ከሌላ ማሽን ተነቅሎ የመጣ ገመድ አይገጥምም። ሦስተኛው፣ ኤም.2 የሚባለው እንደ ማስቲካ የቀጠነ ኤስኤስዲ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መልካቸው አንድ ሆኖ በሳታ ቋንቋ የሚናገርና ኤንቪኤምኢ በሚባለው ቋንቋ የሚናገር ኤም.2 አለ። አንዱን ብቻ የሚቀበል ማሽን ሌላውን አያውቀውም፤ ሻጭም ከተከፈተ በኋላ አይመልስም። የማዘርቦርዱን ሞዴል ጽፎ ይዞ መሄድ ከብዙ ንትርክ ያድናል። ቀዳዳው ከሌለ አያሳስብም፤ ባለ 2.5 ኢንቹ የሳታ ኤስኤስዲ ለሒሳብ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ጀነሬሽኑንም ይጠይቁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ጥቂቶች ሲቀሩ ከ8ኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። በ6ኛ ጀነሬሽን ማሽን ላይ ውድ ኤስኤስዲ መጨመር አሮጌ ታክሲ ላይ አዲስ ጎማ እንደመግጠም ነው፤ ይሮጣል፣ ግን እስከ መቼ?

ያገለገለ ሃርድ ዲስክ የሚገዛ ሰው የሰዓት ቆጣሪውን ሳያይ ብር አያውጣ። ዲስክ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር የሠራበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን በአንድ ገጽ ያሳያል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ቆጣሪው 35,000 ካለ ዲስኩ ሌት ተቀን አራት ዓመት ሠርቷል ማለት ነው፤ ምናልባትም የሆነ ሕንፃ የጥበቃ ካሜራ ሲቀዳ። ቆጣሪም እንደ መኪናው ወደ ኋላ ይመለሳል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአውሮፓ ገበያ የሠሩ የሲጌት ዲስኮች ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል፤ የተጋለጡትም በዲስኩ ውስጥ በሌላ ቦታ ተጨማሪ ቆጠራ ስለነበረ ነው። ከጣት በማይበልጥ ቀፎ 16 ቴራ ይይዛል እየተባለ በርካሽ የሚዞረው ዕቃ ደግሞ ጨርሶ ውሸት ነው። የተጻፈለትን መጠን ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን የሚገለበጥበትን ሁሉ ይበላል።

ሲ ለዊንዶውስ፣ ዲ ለዳታ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ኤስኤስዲው ገብቶ ዊንዶውስ ሲጫን ሃርድ ዲስኩ ገመዱ ተነቅሎ ይቆይ። ቴክኒሻኖች ሲቸኩሉ ሁለቱንም ሰክተው ይጭናሉ። ዊንዶውስም የራሱን ፋይሎች ኤስኤስዲው ላይ አስቀምጦ ማስነሻውን ግን ሃርድ ዲስኩ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ለጊዜው ሁሉ ነገር ይሠራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሃርድ ዲስኩ ሲሞት ግን ደህናው ኤስኤስዲ መነሣት ያቅተዋል። ከተጫነ በኋላ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ሃርድ ዲስኩ ይሰካል፣ ዊንዶውስ ዲስኮችን በሚያስተዳድርበት ገጽ ላይ ጂፒቲ በሚባለው ሥርዓት ይዘጋጃል። አሮጌው ኤምቢአር ከ2 ቴራ በላይ አያይም። አዲስ ዲስክ ተሰክቶ ካልታየም ተበላሽቷል ብለው ወደ መደብሩ ከመሮጥዎ በፊት ይህ ዝግጅት መደረጉን ይጠይቁ።

ከዚያ ቴክኒሻኑ የለመደውን ይናገራል፦ ሲ ለዊንዶውስ፣ ዲ ለዳታ። ይህ ደንብ የመጣው ኮምፒውተር ሁሉ አንድ ዲስክ በነበረው ዘመን ነው። ቫይረስ ሲገባ ሲ ፎርማት ይደረጋል፣ ዲ ሳይነካ ይተርፋል። ለዚያ ጊዜ ብልህነት ነበር። ዛሬ በቀጥታ ከተተረጎመ ግን የነጋዴው ዋና ሀብት፣ በየቀኑ የሚጻፍበት የሒሳብ መዝገብ፣ ቀርፋፋ በሆነውና በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ለብቻው ይቀራል። ኤስኤስዲ የተገዛው ለምን ነበር ታዲያ? ለዊንዶውስ መክፈቻ ብቻ?

በእኛ አስተያየት ክፍፍሉ በሌላ መንገድ መሆን አለበት። ዛሬ የሚሠራበት ሁሉ ኤስኤስዲው ላይ ይሁን፤ ዊንዶውስ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ የዘንድሮው መዝገብ። የተዘጉ ዓመታት፣ ስካን የተደረጉ ሰነዶች፣ ቪዲዮና ፎቶ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይሂዱ። ከዚያም በላይ ሃርድ ዲስኩ አንድ ሌላ ግዴታ አለበት፤ ማታ ማታ የዘንድሮውን መዝገብ ቅጂ መቀበል። አዲስ አበባ ዛሬም ፒችትሪ እያለ የሚጠራው፣ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ የቆየው ፕሮግራም፣ ፋይል በሚለው ማውጫ ሥር የራሱ ባክ አፕ አለው። ቅጂው የሚቀመጥበትን ቦታ ዲ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የዕለቱ ቀን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍበት፤ በየቀኑ በአንድ ስም ላይ የሚገለበጥ ቅጂ ትናንት የተበላሸውን መዝገብ በደህናው ላይ ይደርብበታል።

ለኤስኤስዲ ቅጂ ይበልጥ ያስፈልገዋል የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ያቃስታል። ኤስኤስዲ ሲሞት ግን ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት የለም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይልም ከሃርድ ዲስክ ላይ ሊመለስ ይችል ይሆናል፣ ከኤስኤስዲ ግን ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ወዲያው እንዲጸዳ ስለሚያዝ ተስፋው የመነመነ ነው። ለማንኛውም ኤስኤስዲውን አፍ እስከ ገደፉ አይሙሉት፤ ከአምስት እጅ አንዱ ባዶ ቢሆን ፍጥነቱም ዕድሜውም ይጠበቃል።

ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ሳጥን ውስጥ መሆናቸውንም አይርሱ። ሌባ የሚወስደው ሳጥኑን ነው። ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ቫይረስም ሲን ጨርሶ ወደ ዲ ይሻገራል። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ በኬብል በሚሰካ ሃርድ ዲስክ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወሰድና ቤት ይደር። ተገልብጦ ሲያልቅ ይነቀል፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ከሳጥኑ ውስጥ እንዳለው ነው። ለዚህ ሥራ ኤስኤስዲ አይምረጡ። ብዙ የሠራ ኤስኤስዲ ያለ መብራት በመሳቢያ ውስጥ ሲከርም የያዘውን ሊረሳ ይችላል።

አንድ ነገር በተለይ እናስጠንቅቅ። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጫን በብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል፤ የመክፈቻው ቁልፍ የሚቀመጠውም ዊንዶውሱ በተጫነበት አካውንት ውስጥ ነው። ቴክኒሻኑ ለመፍጠን የራሱን ኢሜይል አስገብቶ ከጫነ የመዝገብዎ ቁልፍ በእርሱ ኪስ ገባ ማለት ነው። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር ቁልፉ ይጠየቃል፤ ልጁ በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። ጭነቱ በእርስዎ ኢሜይል ይሁን፣ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍም በወረቀት ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይቀመጥ።

መብራት መጥፋቱ የታወቀ ነውና ዩፒኤስ ሳይኖር ይህ ሁሉ ድካም ጎዶሎ ነው። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ዲስክ፣ ኤስኤስዲም ሆነ ሃርድ ዲስክ፣ መዝገቡን ግማሽ ጽፎ ሊተወው ይችላል።

ርክክቡ ሲፈጸም ቴክኒሻኑን ከመሸኘትዎ በፊት ሁለት ነገር በፊትዎ ያስደርጉ። ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ኮምፒውተሩን ያስነሣ፤ ካልተነሣ ጭነቱ እንደገና ይሠራ። ቀጥሎ ዲ ላይ የተቀመጠውን ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የአንድ ደንበኛ ቀሪ ሒሳብ ያሳይ። የሁለቱ ዲስኮች መለያ ቁጥርም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ የዋስትና ጥያቄ ሲነሣ «ይህ የእኛ አይደለም» የሚል መደብር አይጠፋም።

አሮጌውን ማሽን ለደላላ ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ ዲስኩን ያስወልቁ። ፎርማት ተደርጓል ቢባልም የደንበኞችዎ ስምና ቀሪ ሒሳብ በውስጡ ሊኖር ይችላል። የመርካቶው ነጋዴ የሞተውን ዲስክ እስከ ዛሬ በመሳቢያቸው አኑረውታል፤ አንዳንድ ባለዕዳ ግን አሁንም ከፍያለሁ ይላቸዋል።